ልክ ሲወሰድ ትንፋሽ አይያዝም

ደሴ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ሜትሬን ስዘረጋ ብዙ ሴቶች ገና ሳልለካቸው «ይቅርታ፣ ወፍሬያለሁ» ይሉኛል። ሰውነት ይቅርታ አይጠየቅበትም። እዚህ የሚያደርሱንን ስህተቶች ግን ደጋግሜ ስላየኋቸው ልጻፋቸው።

የመጀመሪያው ሆድን አስገብቶ መለካት ነው። ደንበኛዬ ትንፋሿን ይዛ ትቆማለች፤ እኔ ሜትሩ ያሳየኝን እጽፋለሁ። ልብሱ ሲደርስ ዚፑ ወገቧ ላይ አልዘጋ ይላል። ያኔ ጥፋቱን ሰውነቷ ላይ ትጥለዋለች። አሁን አሁን «እስቲ ተንፍሺ እህቴ፣ እጅሽንም ልቀቂው» ሳልል አልለካም። ተቀምጣችሁም ተለኩ። ስንቀመጥ ወገባችን ይሰፋል፣ የቀጭኗም ጭምር።

ሁለተኛው በልብስ ቁጥር ራስን መመዘን ነው። አንዲት ሴት ሰልባጅ ተራ 38 ልክክ ይልላታል፤ ቡቲክ ገብታ 42 ስትጠየቅ ፊቷ ይጠቁራል። ሰውነቷ በአንድ ቀን አልተለወጠም። የፈረንሳይ 38 ማለት የጣሊያን 42፣ የጀርመን 36 ነው። ፋብሪካም ቢሆን አንድ መነሻ ልክ ይይዛል፤ ሌሎቹን ከእሱ በሴንቲ ሜትር እያሰፋና እያጠበበ ያወጣል። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሰፉ ልጆች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። መነሻው የማንም ሰው ሰውነት አይደለም።

ፒያሳ ስታልፉ የልብስ ቤት መስታወት ውስጥ የቆመችውን አሻንጉሊት ደግሞ ከኋላዋ እዩዋት። ብዙ ጊዜ ቀሚሱ በእስፒል ተይዟል። እሷም አልሞላችውም ማለት ነው! ፎቶም እንደዚሁ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ፣ የሞዴሏ ሰውነት በኮምፒውተር የቀጠነበት ወይም የወፈረበት የማስታወቂያ ፎቶ «ተስተካክሏል» የሚል ጽሑፍ እንዲኖረው በሕግ አስገድዳለች። ኖርዌይም በ2022 ተመሳሳይ ግዴታ አምጥታለች። እኛ ማታ ማታ ስልካችን ላይ የምናየው በፊልተር የተሠራ ወገብ ግን ምንም አልተጻፈበትም። ከእሱ ጋር ራስን ማወዳደር ከሌለ ሰው ጋር መወዳደር ነው።

አሁን ወደ እኛው ጉዳይ ልምጣ፣ ልቤን የሚነካኝ እሱ ነው። «የወሎ ቆንጆ» እየተባለ ሲዘፈን ነው ያደግነው። ዘፈኖቹን እወዳቸዋለሁ። ግን ሙገሳው ቀስ በቀስ መለኪያ ሆነብን። «ወሎዬ ሆነሽ እንዲህ ሆንሽ?» የተባለች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እናቷ ይዛት መጥታ ታውቃለች። ልለካት ስል ሹራቧን አላወልቅም አለች። ሰላምታችንም ያው ነው። አክስት «ምነው ከሳሽ፣ ታመምሽ እንዴ?» ትላለች፤ በሳምንቱ ጎረቤት «ወፈርሽሳ!» ትላለች። ክፋት የለበትም፣ ናፍቆት ነው፤ የሰማችው ልጅ ግን ቤቷ ገብታ መስታወት ፊት ትቆማለች። እባካችሁ፣ ሰላምታን ከኪሎ እንለይ። «ደህና ነሽ ወይ» ይበቃል።

የማወፈሪያ ኪኒን ነገር በጣም ያሳስበኛል። ዳሌና ጉንጭ ይሞላል ተብሎ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ከሚወሰዱት መካከል ዴክሳሜታሶን አለበት። ይህ መድኃኒት ፊትን የሚያሳብጠው ጤና ሰጥቶ አይደለም። የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ አጥንትን ያሳሳል። ለረጅም ጊዜ ወስዶ በድንገት ማቆምም አደገኛ ነው። የጀመራችሁ ካላችሁ ሳትደብቁ ለሐኪም ተናገሩ፤ ቀስ በቀስ እየቀነሳችሁ የምታቆሙበትን መንገድ እሱ ያሳያችኋል።

«ስከሳ እለብሰዋለሁ» ብሎ ቀሚስ ማስቀመጥም ስህተት ነው። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታ የምትመጣ አንዲት ደንበኛ አለችኝ። ከወለደች ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠችውን የሐበሻ ቀሚስ ይዛ መጣች። «ሽጥልኝ እንጂ ለኔስ አይሆነኝም» አለች። ገልብጬ ሳየው በግራና በቀኝ ስፌቱ ሥር ትርፍ ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። የሰፋው ሰው አስቦላት ነበር። እዚያው ቁጭ ብላ ቡናዋን ስትጠጣ ፈትቼ አሰፋሁት። ለብሳው ሄደች።