ጭንቀት ጠባይን ሳይቀይር፦ በጎንደር ዳገት ስፖርት እንዴት ይጀመራል?

ጭንቀት የበዛበት ሰው በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ሰው ይሸሻል። አዘውትሮ መንቀሳቀስ ከዚህ ይጠብቃል። ግን ክፉው ቀን ከመምጣቱ በፊት ነው መጀመር ያለበት።

መጀመሪያ ሰዓት ምረጡ። ጠዋት 12 ሰዓት ጥሩ ነው፤ ፀሐዩም ባጃጁም አይበዛም። በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ቢያንስ ይሁን የሚለው 150 ደቂቃ በዚህ ይሞላል።

ጫማው ሳልባጅም ቢሆን ችግር የለውም፣ ሶሉ ካላለቀ። ኮብልስቶን ላይ ያለቀ ሶል ያንሸራትታል። እርምጃ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት መግዛት ለእኔ ብር ማባከን ነው።

አስቸጋሪው ፍጥነቱ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ መንገዷም ዳገት ይበዛዋል። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ቀን ወደ ጎሐ የሚወጣውን ዳገት በሩጫ ይሞክራል። ግማሽ ሳይደርስ ጉልበቱን ይዞ ያለከልካል። በማግስቱ ጭኑ ደረጃ አላስወርድ ይለዋል፣ በዚያው ይተወዋል። እባካችሁ እንዲህ አትጀምሩ። የፋሲል ግቢ ቅጥር 900 ሜትር ያህል ነው፤ እሱን 3 ጊዜ መዞር ለጀማሪ ይበቃል።

ልኩን በወሬ እወቁት። እየሄዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ ልክ ናችሁ። ሁለት ቃል ተናግራችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁ ቀንሱ። ዳገት ላይ እርምጃ አሳጥሩ። ቁልቁለት ላይ አትሩጡ፤ ጉልበት ይጎዳል። ከመውረዳችሁ በፊት የጫማውን ማሰሪያ ወደ ቁርጭምጭሚት በኩል አጥብቁት፤ አለዚያ አውራ ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር እየተጋጨ ጥፍሩ ይጠቁራል።

በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩ ቀለል አድርጉት። ክረምት ላይ ዝናቡ ካላስወጣ ቤት ውስጥ ገመድ ዝለሉ።

በሦስተኛው ሳምንት «ምንም ለውጥ የለም» ብላችሁ እንዳታቆሙ። የአሜሪካው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት አይጦችን በመሽከርከሪያ ላይ አስሮጡ፤ ከዚያ ሊያመልጡት የማይችሉት ጭንቀት አደረሱባቸው። ያልሮጡት በኋላ ማምለጫ ተከፍቶላቸው እንኳ ለማምለጥ ተሳናቸው። 6 ሳምንት የሮጡት ግን አመለጡ። 3 ሳምንት ብቻ መሮጥ አላዳነም። ጥናቱ በአይጥ ላይ ቢሆንም፣ ትዕግሥት እንደሚያስፈልግ ለእኔ በቂ ማስረጃ ነው።

ጭንቀቱ ከሥራ ወይም ከምግብ ካገዳችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ስፖርቱ የሕክምና ምትክ አይደለም፤ ሐኪሙ ካልከለከላችሁ ግን ጎን ለጎን ቀጥሉበት።