ሮኬቱ መጠቀ፣ ፎቶው ግን ተበላሸ፦ ችግሩና መፍትሄው

ፍሎሪዳ ውስጥ ኬፕ ካናቬራል አካባቢ ሮኬት ሲመጥቅ ለማየት ሰው ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። አሁን ማስወንጨፉ በጣም ስለበዛ፣ ለዕረፍት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደዚያ የሄደ ሰውም አጋጣሚው ሊደርሰው ይችላል። ብዙው ሰው ካሜራ ይዞ ይሄዳል። ብዙው ሰው ደግሞ ባነሳው ፎቶ ቅር ተሰኝቶ ይመለሳል። ከዚያ "ካሜራዬ አይረባም፣ ሌላ መግዛት አለብኝ" ይላል።

በዚህ አልስማማም። አብዛኛው ችግር ከካሜራው ዋጋ ጋር አይገናኝም። መጀመሪያ መታወቅ ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የት እንደምትቆሙ እና ሮኬቱ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ። ዕቃ የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ከተበላሸው ፎቶ እንነሳና ወደ ምክንያቱ እንሂድ።

ሮኬቱ በጣም ትንሽ ሆኖ ወጣ

ከሁሉም በላይ የሚሰማው ቅሬታ ይሄ ነው። ምክንያቱ ርቀት ነው። ርቀቱን ደግሞ አስቀድሞ ማስላት ይቻላል።

ፋልከን 9 ሮኬት 70 ሜትር ቁመት አለው። ብዙ ሰው የሚቆምባት የታይተስቪል ከተማ ዳርቻ ከ39ኤ ማስወንጨፊያ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መካከል ላይ ያለው ወንዝና ረግረግ ነው። የሮኬቱን ቁመት ለርቀቱ አካፍሉና በሌንሱ ሚሊሜትር (ሌንሱ ላይ በተጻፈው የማቅረቢያ ቁጥር፣ ለምሳሌ 400) አባዙ። ሁለቱንም በሜትር ያዙ፤ 70 ሲካፈል ለ19,000፣ ሲባዛ በ400። መልሱ 1.5 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ሮኬቱ በካሜራው ሴንሰር (ብርሃን በሚቀበለው ክፍል) ላይ የሚይዛት ቦታ ይህቺው ናት። ፉል ፍሬም የሚባለው ትልቁ ሴንሰር ቁመቱ 24 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ በ400 ሌንስ እንኳን ሮኬቱ የፎቶውን አንድ አስራ ስድስተኛ ቢይዝ ነው። ከካሜራው ጋር አብሮ በሚሸጠው 55 ሚሊሜትር ሌንስ ደግሞ ነጥብ ብቻ ይሆናል።

አሁን ሌንሱን ሳይሆን ቦታውን ቀይሩ። የኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ቲኬት የሚሸጥበት ባናና ክሪክ የሚባል መመልከቻ አለው። ከ39ኤ በ6 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ያው 400 ሌንስ እዚያ 4.7 ሚሊሜትር ይሰጣችኋል። ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ታይተስቪል ቆማችሁ 600 ሌንስ ብትገዙ ግን የምታገኙት 2.2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ ለመቅረብ አውጡት። ሌንስ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሮኬቱ ከየትኛው ማስወንጨፊያ እንደሚነሳ አረጋግጡ። ኬፕ ካናቬራል ላይ ማስወንጨፊያዎቹ ብዙ ናቸው። ለ39ኤ ቅርብ የሆነ ቦታ ለሌላው ሩቅ ሊሆን ይችላል።

ሌንስ ያስፈልገኛል ካላችሁ ተከራዩ። ባለ 150-600 ዙም በአሜሪካ በቀናት ይከራያል። ኪራዩን ለአንድ ቀን ብቻ አትያዙ። በአየር ጠባይ ወይም በአንዲት የተበላሸች መቆጣጠሪያ ምክንያት ማስወንጨፉ ሊራዘም ይችላልና ሁለት ሦስት ቀን ጨምሩበት። ሴንሰሩ አነስ ያለ ካሜራ ካላችሁ ደግሞ አትናቁት። 400 ሌንስ በሱ ላይ የ600 ያህል ያቀርባል። ሌንስ ማርዘሚያ ቴሌኮንቨርተር የምትጨምሩ ከሆነ ባለ 1.4ቱን ምረጡ። እሱ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል። ባለ 2ቱ ግን ወደ ሩብ ያወርደዋል፣ ጥራቱንም ይነካል።

አንድ ነገር ልጨምር። በየሚዲያው የምታዩት፣ የሞተሩ እሳት ፎቶውን የሞላበት ምስል በእጅ በተያዘ ካሜራ የተነሳ አይደለም። ፈቃድ ያላቸው የሚዲያ ባለሙያዎች ካሜራቸውን ማስወንጨፊያው አጠገብ ቀደም ብለው ተክለው ይወጣሉ። ካሜራው የሮኬቱን ድምፅ ሲሰማ ራሱ ያነሳል። የእናንተን ፎቶ ከዚያ ጋር አታወዳድሩ።

ፎቶው ጥርት አላለም

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ አንድ የሚመስለው ችግር ሦስት የተለያዩ ምክንያቶች አሉት። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሠራም። ሌንሱን ከመክሰሳችሁ በፊት ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ አጉልታችሁ እዩት።

የሮኬቱና ከጎኑ የሚቆመው ማማ መስመር እንደሚፈላ ውሃ ተወላግዶ ከታየ፣ ጥፋቱ የአየሩ ነው። ፀሐይ ያሞቀችው መሬትና ውሃ ከላዩ ያለውን አየር ያንቀጠቅጠዋል፤ እናንተ ደግሞ ኪሎ ሜትሮች ውፍረት ባለው አየር ውስጥ ነው የምታዩት። ይህን የሚያስተካክል ሌንስ የለም። እንዲያውም ሌንሱ በረዘመ ቁጥር መንቀጥቀጡ አብሮ ይጎላል። መፍትሄው መቅረብ ነው፤ ወይም በማለዳና በሌሊት የሚነሳ ሮኬት መምረጥ። ቀትር ላይ ከሆነ ብዙ ፎቶ አንሱ። አየሩ ለቅጽበት የሚረጋባት ጊዜ ስላለች፣ ከመሃል አንዱ ከሌሎቹ ተሽሎ ይወጣል።

ብርሃን ያለው ነጥብ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተጎትቶ ወይም ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ካሜራው ተንቀሳቅሷል። ትራይፖዱን ዝቅ አድርጉት፤ የመሃሉን ዘንግ ወደ ላይ አትምዘዙት። ቦርሳችሁን ከሥሩ ብታንጠለጥሉበት ይረጋል። በድልድይ ላይ ከቆማችሁ መኪና ባለፈ ቁጥር ድልድዩ እንደሚነዝር አስቡ። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሳለ የሌንሱን ንዝረት መከላከያ አጥፉት፤ አንዳንዱ ሌንስ የሌለ ንዝረት እያሳደደ ራሱ ያንቀጠቅጣል። ቀን ላይ የሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ) ፍጥነት ከ1/1000 ሰከንድ አይውረድ።

ከፊት ያለው ሣር ጥርት ብሎ ሮኬቱ ከደበዘዘ፣ ወይም ሁሉም ነገር እኩል ከደበዘዘ፣ ፎከሱ ነው። ሌሊት ላይ አውቶፎከስ የሚይዘው አጥቶ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሮኬቱ ሲነሳም ጭሱን ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ቀድማችሁ በእጅ ፎከስ አድርጉ። ከኋላ ባለው ስክሪን ማማውን አጉሉት፤ ሌሊት በትልልቅ መብራቶች ስለሚደምቅ ለዚህ ይመቻል። ማማው ካልታያችሁ ደማቅ ኮከብ ይበቃል። የፎከሱን ቀለበት ቀስ እያላችሁ አዙሩና ነጥቡ በጣም ባነሰበት ላይ አቁሙ። ከዚያ ቀለበቱን በፕላስተር ለጥፉት። ሌንሱ ላይ የተጻፈውን የሩቅ ምልክት (∞) አትመኑ፤ ብዙ ሌንስ ከምልክቱ አልፎ ይዞራል።

እሳቱ ነጭ ሆኖ ቀረ

የሮኬቱ ነበልባል ዝርዝሩ ጠፍቶ ነጭ ቦታ ብቻ ከሆነ፣ ካሜራችሁ አውቶ ላይ ነበር ማለት ነው። ሮኬቱ ሳይነሳ ካሜራው የለካው ጨለማውን ሰማይ ነው። ብርሃኑ ድንገት ሲመጣ አይደርስበትም። ከደረሰም ደግሞ በየፎቶው ሐሳቡን ይቀይራል።

ማኑዋል (ሴቲንጉን ራሳችሁ የምትወስኑበት) ላይ አድርጉት። በጠራ ቀን 1/2000 ሰከንድ፣ ኤፍ 8 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን)፣ አይኤስኦ 400 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ጥሩ መነሻ ነው። አንድ ፎቶ አንሱና የቆመውን ሮኬት ነጩን ክፍል እዩ። ከዚያ ትንሽ ጠቆር አድርጉት። የጠቆረ ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ይነሳል፤ የተቃጠለ ግን አይመለስም። ለዚህም ነው በጄፔግ ሳይሆን በሮው ፋይል (ካሜራው ባላስተካከለው ጥሬ ምስል) ማንሳት ያለባችሁ።

የሮኬቱን ነዳጅም እወቁ። እሳቱ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ፋልከን 9 የሚያቃጥለው የተጣራ ኬሮሲን ነው፤ ነበልባሉ ደማቅ ብርቱካናማ ይሆናል። ኒው ግሌን የሚባለው ሮኬት ሚቴን ስለሚያቃጥል ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ለዓይንም ለዘብ ይላል። ከሁሉም የሚበረታው በጎኑ ባለ ጠጣር ነዳጅ ማጠናከሪያ የታሰረበት ሮኬት ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 16 ቀን 2022 አርጤምስ 1 የተባለውን የጨረቃ ጉዞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያነሳው የናሳ ሮኬት ኤስኤልኤስ ሁለት እንዲህ ያሉ ማጠናከሪያዎች ነበሩት። የዋናው አካል የሃይድሮጅን ነበልባል ብቻውን ቢሆን እምብዛም አይታይም ነበር። ብርሃኑን ሁሉ የሰጡት እነዚያ ሁለቱ ናቸው። እንዲህ ዓይነት ሮኬት ሲሆን ለፋልከን 9 ከያዛችሁት ሴቲንግ የበለጠ ማጥቆር አለባችሁ።

የሌሊቱ የብርሃን ቅስት ተቆረጠ፣ ወይም ሰማዩ ቀን መሰለ

ይህን ፎቶ ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ። ውድ ሌንስ አይጠይቅም። ከ16 እስከ 24 ሚሊሜትር ያለው ሰፊ ሌንስ፣ የሚረጋ ትራይፖድና የሹተር ሪሞት ይበቃል። አይኤስኦ 100፣ ከኤፍ 11 እስከ ኤፍ 16 አድርጉ። ካሜራውን ባልብ (እስክትዘጉት ሹተሩ ክፍት የሚቆይበት ሴቲንግ) ላይ አድርጋችሁ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ክፍት ተዉት። የፋልከን 9 የመጀመሪያው ክፍል የሚነደው ወደዚያው ለሚጠጋ ጊዜ ነው።

ቅስቱ ከፎቶው ከወጣባችሁ፣ ምክንያቱ ሮኬቱ ወዴት እንደሚያጋድል አለማወቅ ነው። ታይተስቪል ላይ ፊታችሁ ወደ ምሥራቅ ነው። ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄደው፣ ለምሳሌ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚያመራው፣ በግራችሁ ያጋድላል። ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚሄደው በቀኛችሁ ነው። በሚያጋድልበት በኩል ሰፊ ቦታ ተዉለት።

ሰማዩ ነጥቶ ከወጣ፣ ወይ ሙሉ ጨለማ አልነበረም ወይ የመኪና መብራት ገብቷል። ጎህ ሲቀድ ወይም ሲመሽ ከሆነ ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ጨምሩ። ፊልተር ከሌላችሁ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ የሚቆዩ ፎቶዎችን ያለ ፋታ አከታትላችሁ አንሱና በኋላ ደራርቧቸው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ሹተሩን ዘጋችሁ፤ ወዲያው ሌላ ፎቶ ልታነሱ ስትሉ ካሜራው አልታዘዝ አለ። ይህ ብልሽት አይደለም። ሹተሩ ረጅም ጊዜ ክፍት ሲሆን ጉድፍ የሚቀንሰው ሴቲንግ (Long Exposure Noise Reduction) በርቷል ማለት ነው። ሁለት ደቂቃ ተኩል ካነሳችሁ፣ ሌላ ሁለት ደቂቃ ተኩል ለራሱ ይወስዳል። ቀድማችሁ አጥፉት።

ሌንሱ ጭጋግ ለበሰ

የፍሎሪዳ አየር እርጥብ ነው። ሌንሱ ከቀዝቃዛ መኪና ወይም ሆቴል በድንገት ሲወጣ እርጥበቱ መስታወቱ ላይ ይቀመጣል። አትጥረጉት፣ ተመልሶ ይመጣል። ዕቃውን ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ ከአንድ ሰዓት በፊት አውጡት፤ ቀስ ብሎ ይሙቅ። ሌሊት ረጅም ሰዓት የምትጠብቁ ከሆነ የእጅ ማሞቂያ ከረጢት በላስቲክ ሌንሱ ላይ እሰሩ።

ዋናው ሰዓት ላይ ካሜራው ቆመ

በሰከንድ አስርና ሃያ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ በሮው ፋይል ሲሆን ጊዜያዊ ማከማቻው ቶሎ ይሞላል። ሮኬቱ ማማውን የሚያልፈው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው። ያኔ ከሞላ አለቀ። ቆጠራው ሳያልቅ ጀምራችሁ አታባክኑት። አጫጭር አድርጋችሁ አንሱ፣ በመሃል ትንሽ እረፍት ስጡት። ፈጣን ሚሞሪ ካርድ መግዛት እዚህ ላይ በእርግጥ ይጠቅማል።

ድምፁን ጠብቃችሁም አትጀምሩ። ድምፅ 19 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 55 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ያን ጊዜ ማንሳት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ያለኝ ስልክ ብቻ ነው

ዲጂታል ዙሙን ተዉት። አድማሱ ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ፤ ከዚያ ብርሃኑን ወደ ታች አውርዱ። ስልኩን ደግፋችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፤ አጠገባችሁ ያለው ሰው ሲጮህና ድምፁ ዘግይቶ ሲደርስ አብሮ ይቀረጻል። ይህ ለቤተሰብ ከፎቶው የበለጠ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ።

ፍሎሪዳ ሩቅ ነው

ዋሽንግተን፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ላላችሁ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ዋሎፕስ ደሴት ላይ ሌላ ማስወንጨፊያ አለ። ሮኬቶቹ ከፍሎሪዳዎቹ ያነሱ ናቸው፣ ማስወንጨፉም ያን ያህል አይበዛም። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኤሌክትሮን 18 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ከላይ ያለውን ስሌት ሠርታችሁ ካልቀረባችሁ በቀር ቴሌፎቶ (የሩቁን የሚያቀርብ ረጅም ሌንስ) ይዛችሁ አትልፉ።

ግን ሌሊት ከሆነና ሰማዩ ከጠራ፣ ከዋሽንግተን አካባቢ ሆናችሁም ብርሃኑን ማየት ትችላላችሁ። ርቀቱ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሮኬቱ ከአድማስ በላይ እስኪወጣ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ወዲያው ካልታየ ዕቃችሁን አትሰብስቡ። ደቡብ ምሥራቅ የሚታይበት፣ ሕንፃና ዛፍ ያልከለለው ቦታ በቀን ፈልጉ። ብርሃኑ ከፍሎሪዳው በጣም ስለሚደክም ኤፍ 16ን እዚህ አትጠቀሙ። በኤፍ 4ና በአይኤስኦ 400፣ 20 ሰከንድ የሚቆዩ ፎቶዎችን አከታትላችሁ አንሱ። የከተማው ብርሃን ሰማዩን ካነጣው አይኤስኦውን ወደ 200 ዝቅ አድርጉ።