ለጌይና ባይሴክሹዋል ወንዶች የሱስ ሕክምና ስትሰጡ እነዚህን ተዉ

ለንደን ውስጥ በሱስ ሕክምና የምትሠሩ አበሾች እየበዛችሁ ነው፤ ደስ ይላል። ግን አዲስ የገባ ሁሉ አንድ ዓይነት ስህተት ሲሠራ ማየት ሰለቸኝ።

ዋናው "ጂ መውሰድህን ዛሬውኑ አቁም" ማለት ነው። ይሄ ያንገበግበኛል። ጂ የሚሉት ጂኤችቢ ወይም ጂቢኤል የሚባለውን ፈሳሽ ዕፅ ነው፤ ጂቢኤልም ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ጂኤችቢ ይቀየራል። ቅዳሜ ማታ ብቻ የሚወስድ አለ። ሌሊት እየተነሳ ጭምር በየሁለት ሦስት ሰዓቱ የሚወስድም አለ። የዚህኛው ሰውነት ለምዶታል። ድንገት ካቆመ በሰዓታት ውስጥ ላብና መንቀጥቀጥ ይጀምረዋል፤ ከዚያ ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ሊያንፈራግጠውም ይችላል። ሰው ይሞታል በዚህ! ማቋረጥ ያለበት በሐኪም ክትትል፣ እንደ ዳያዜፓምና ባክሎፌን ባሉ መድኃኒቶች ነው። ዓርብ ከሰዓት "ጎበዝ፣ በርታ" ብላችሁ የሸኛችሁት ሰው ቅዳሜ ድንገተኛ ክፍል ይገባል። እዚያ ያለው ሐኪም ስለ ጂ ካልተነገረው ደግሞ የአእምሮ ሕመም ነው ብሎ ያስባል። ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ፦ በየስንት ሰዓቱ? ስንት ሚሊ ሊትር? ሌሊትስ? ከመጠጥ ጋርስ? ከአልኮል ጋር ሲቀላቀል ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

አነቃቂው ዕፅ ክሪስታል ሜት እንዲህ አይደለም። ድንገት ማቆሙ ሰውነትን ያን ያህል አደጋ ላይ አይጥልም። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ድብርት ነው። ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ ፊት ለፊት ጠይቁት።

ስለ ወሲብ ሳይጠይቁ ማለፍ ሌላው ነው። ብዙው ቅጽ የተሠራው ሄሮይን ታስቦ ነው። ኬምሴክስ (ዕፅ ወስዶ ወሲብ መፈጸም) ውስጥ ግን ዕፁና ወሲቡ አይነጣጠሉም። ዕፁን መተው ያላቃተው፣ ያለ ዕፅ ሰው መቅረብ ግን ያቃተው ስንት ሰው አለ! ይህን ሳትነኩ ሱሱን ስለሚቀሰቅሱ "ቀስቃሽ ነገሮች" ብታወሩ ምን ዋጋ አለው? ማፈሩን ቤታችሁ ጨርሳችሁት ኑ። ካልሆነላችሁ ለንደን ፍሬንድ በሚባለው የኤልጂቢቲ በጎ አድራጎት ድርጅት ሥር ወዳለው የዕፅና የአልኮል አገልግሎት፣ አንቲዶት፣ ወይም ሶሆ ወደሚገኘው 56 ዲን ስትሪት የወሲብ ጤና ክሊኒክ ላኩት።

ሳይጠይቁ ቤት ደብዳቤ መላክ። ባይሴክሹዋል ከሆነ ፖስታውን የምትከፍተው ሚስቱ ልትሆን ትችላለች።

የኤችአይቪ መድኃኒቱን ስም ሳያዩ ማለፍ። ሪቶናቪር ወይም ኮቢሲስታት ካለበት አንዳንድ ዕፆች ደም ውስጥ ከወትሮው በላይ ይከማቻሉ።

አንድ ቅዳሜና እሁድ ስለተሳሳተ ከፕሮግራም ማስወጣት። እንደ ሜት ላሉ አነቃቂዎች ሱስ እስካሁን የጸደቀ መድኃኒት የለም። ጠንካራ ማስረጃ ያለው ሽንቱ ሲመረመር ከዕፅ ነጻ በሆነ ቁጥር ትንሽ ሽልማት መስጠት ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ለጌይ ወንዶች ለዓመታት ስትሠራበት ቆይታለች፤ ካሊፎርኒያም እንደ ፈረንጆች በ2023 ሜዲ-ካል በሚባለው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንሷ በኩል ጀመረችው። "ለሱሰኛ ገንዘብ?" ብሎ የሚስቅ ባልደረባ አይጠፋም። ይሳቅ፤ ታካሚው እኮ በሕክምናው ይቆያል።

የመጨረሻው የኛው ጉዳይ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሲመጣ እዚያው ሰፈር ያለ አስተርጓሚ መጥራት። ያ አስተርጓሚ እሁድ ከታካሚው አክስት ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳል! ታካሚው ገና ድምፁን ሲሰማ ዝም ይላል፣ ሁለተኛም አይመጣም። ዘመድማ ጭራሽ አይታሰብ። በስልክ፣ ከሌላ ከተማ፣ የታካሚው ስም ሳይነገረው የሚያስተረጉም ጠይቁ። እናንተ ራሳችሁም አበሻ ናችሁና፣ ፈረንጅ ባልደረባ ይሻለው እንደሆነ ጠይቁት። ይሻለኛል ካለ አትቀየሙ።