«ሶክ አፕ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግሥ በትክክል ለመጠቀም

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ እንግሊዝኛ የማስጠናቸው ተማሪዎች «ሶክ አፕ» የሚለው ጥምር ግሥ ትርጉሙ «መምጠጥ» መሆኑ አይጠፋቸውም፤ የሚቸገሩት ባለቤቱን በመለየት ላይ ነው። ስለዚህ ከመዝገበ ቃላት ይልቅ በደጃችን ካለው ዋልካ አፈር መጀመርን እመርጣለሁ። ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ዝናቡን መጥጦ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። «ሶክ አፕ» የሚባለው አፈሩ በክረምት የሚያደርገው ነው። እንግዲህ የግሡ ባለቤት የሚመጥጠው ነገር እንጂ የሚመጠጠው ፈሳሽ ስላልሆነ «ዘ ሶይል ሶክስ አፕ ዘ ሬይን» ይባላል። ዝናቡን ባለቤት ማድረግ የፈለገ ሰው «አፕ»ን ትቶ «ዘ ሬይን ሶክስ ዘ ሶይል» ይበል፤ ያን ጊዜ ዝናቡ አፈሩን ያርሰዋል ማለት ይሆናል። ለንፍሮ የሚሆን ባቄላ መዘፍዘፍም እንዲሁ ያለ «አፕ» ይነገራል። «ሶክ ኢን» ሲባል ግን ፈሳሹ ራሱ ወደ ውስጥ ይሰርጋል።

ተሳቢው ስም ከሆነ ከ«አፕ» በፊትም በኋላም ሊገባ ይችላል። ተውላጠ ስም ከሆነ ግን የግድ በመካከል ይገባል፤ እንጀራው ወጡን ሲመጥጥ «ሶክስ ኢት አፕ» እንላለን እንጂ «ሶክስ አፕ ኢት» አንልም። የኃላፊ ጊዜው መድረሻ እንደ «ድ» ሳይሆን እንደ «ት» ስለሚነበብ፣ በፍጥነት ሲነገር «ሶክታፕ» ሆኖ ይሰማል።

ቃሉ ከፈሳሽ አልፎ ፀሐይ መሞቅን፣ የአንድን ቦታ ድባብ ማጣጣምንና ዕውቀት መቅሰምን ይገልጻል። የቤት ማጠናቀቂያ ሥራ የቤተሰብን ቁጠባ ሲጨርስም «ሶክት አፕ አወር ሴቪንግስ» ይባላል። በዕውቀት ላይ ሲውል ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ለፈተና ሌሊቱን ሙሉ የተሸመደደ ቀመር በዚህ ቃል ቢነገር አይስማማም። የሚስማማው አንድ ልጅ ከአያቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ ማንም ሳያስጠናው፣ ተረቱንና ወጉን እየሰማ ወደ ውስጡ ሲያስገባ ነው፤ ይህን ልዩነት አጥብቄ የማስተምረው ቃሉ ፈቃደኝነትንና ጉጉትን ስለሚሸከም ነው። መደበኛ በሆነ ጽሑፍ በቦታው «አብዞርብ»ን መጠቀም ይመረጣል።

ለልምምድ ስለ ዋልካው፣ ስለ እንጀራውና ስለዚያ ልጅ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ፣ በሁለተኛው ዙር ተሳቢውን ሁሉ ወደ «ኢት» ለውጡና «አፕ» የት እንደሚያርፍ ጮክ ብላችሁ አንብቡ።