«ተበላሽቷል» ከማለታችሁ በፊት፦ አዲስ ሚረርለስ ካሜራ ጎንደር ላይ ስንሞክር

የአጎቴ ልጅ ለጥር ሰርግ ይደርስልኛል ብሎ አዲስ ፉል ፍሬም (ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ) ሚረርለስ (መስታወት የሌለው) ካሜራ ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ አስመጣ። 45 ሜጋፒክስል ነው። ዋጋውን አትጠይቁኝ። ጥር 3 ካርቶኑን ከፈተ፣ ጥር 5 ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ይሄ ዕቃ ተበላሽቶ ነው የመጣው፤ ልመልሰው ነው» አለኝ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ለኔ ስጠኝ» አልኩት።

እስከ ጥምቀት ይዤው ዞርኩ። ስቱዲዮ ሞከርኩት፣ አንድ ሰርግ ሠራሁበት፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገባሁ። እኔም እሱም ዓመታት የሠራነው መስታወት ባለው ካሜራ ነው። በዚያ የምናየው በሌንሱ የሚገባውን ብርሃን ራሱን ነበር። በሚረርለስ ግን ቪውፋይንደሩ (ዓይን የምናስጠጋበት መስኮት) ውስጥ የምናየው ትንሽዬ ቴሌቪዥን ነው፤ ሴንሰሩ የያዘውን ካሜራው አቀናብሮ ያሳየናል። ከአቤቱታው ገሚሱ የመጣው ከዚህች ልዩነት ነው።

ስቱዲዮ ውስጥ ቪውፋይንደሩ ጥቁር ይሆናል

የአጎቴን ልጅ ያስደነገጠው ይሄ ነው። ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/160 ሴኮንድ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) 8፣ አይ ኤስ ኦ (ብርሃኑን የማጉላት መጠን) 100 አድርጎ ፍላሾቹን አዘጋጀ። ዓይኑን ሲያስጠጋ ድቅድቅ ጨለማ። ሲያነሳ ግን ፎቶው ጥሩ ሆኖ ይወጣል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ካሜራው «በዚህ ሴቲንግ ብታነሳ ፎቶህ ይህን ይመስላል» እያለው ነው። ፍላሹ ምን ያህል ብርሃን እንደሚጨምር አያውቅም፤ ስለዚህ ያለ ፍላሽ የሚወጣውን ጨለማ ያሳያል።

መፍትሄው ሜኑ ውስጥ ነው። ሶኒ ላይ «ላይቭ ቪው ዲስፕሌይ» ገብታችሁ «ሴቲንግ ኢፌክት»ን አጥፉ። ካኖን ላይ «ኤክስፖዠር ሲሙሌሽን» ይባላል፤ አዲሶቹ ላይ «ዲስፕሌይ ሲሙሌሽን»። ኒኮን «አፕላይ ሴቲንግስ ቱ ላይቭ ቪው» ይለው ነበር፣ አሁን አዲሶቹ ላይ «ቪው ሞድ» በሚለው ስር ታገኙታላችሁ። ወደ ውጭ ስትወጡ መልሳችሁ ማብራት እንዳትረሱ። እኔ ረስቼ ፋሲል ግቢ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አቃጥዬ አነሳሁ። ቪውፋይንደሩ ግንቡን አሳምሮ ያሳየኛል፣ ፎቶው ላይ ሰማዩ ነጭ ወረቀት።

ፍላሹ ጭራሽ አልበራ ካለ ደግሞ ሳይለንት ሻተር (ያለ ድምፅ የሚያነሳው) በርቶ እንደሆነ እዩ። በብዙዎቹ ካሜራዎች ሳይለንት ላይ ፍላሽ አይሠራም።

አዳራሽ ውስጥ ፎቶው ላይ መስመር መስመር ይወጣል

ይሄኛው አናቴን አዙሮታል። ሰርጉ ላይ ድምፅ እንዳያሰማ ብዬ ሳይለንት ሻተር አብርቻለሁ። አዳራሹ ከላይ እስከ ታች የኤል ኢ ዲ መብራት ነው። ሙሽራዋ ስትገባ አከታትዬ አነሳሁ። ስክሪኑ ላይ ስመለከት ቬሎው ላይ አግድም ጥቁር ጥላ ተደርድሯል፤ የሜዳ አህያ መስላለች። ላቤ መጣ።

የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። አምፖሉ ለዓይናችን ቋሚ ይምሰል እንጂ በሴኮንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላል። ሳይለንት ሻተር ደግሞ ፎቶውን በአንዴ አያነሳም፤ ሴንሰሩን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ያነባል። መብራቱ ሲደበዝዝ የተነበበው መስመር ጨለማ ሆኖ ይቀራል።

መጀመሪያ ሻተሩን ወደ ሜካኒካል (መጋረጃው ወደሚንቀሳቀሰው፣ ድምፅ ወዳለው) መልሱ። ቀጥሎ ፍጥነቱን 1/100 ወይም 1/50 አድርጉ፤ ከመብራቱ ምት ጋር ይገጥማል። «አንቲ ፍሊከር» የሚል ካለው አብሩት። አንዳንድ ርካሽ የጌጥ መብራት ግን ምቱ ሌላ ስለሆነ በ1/100 አይሸነፍም። ያኔ ፍጥነቱን በትንሽ በትንሹ እያዛነፋችሁ መስመሩ የሚጠፋበትን ቦታ ፈልጉ።

ካሜራው ከአሜሪካ መምጣቱም ሌላ ጣጣ አለው። እዚያ መብራቱ 60 ኸርዝ ስለሆነ ቪዲዮው «ኤን ቲ ኤስ ሲ» በሚባለው የአሜሪካ የቪዲዮ ደረጃ ላይ ተሞልቶ ይመጣል፤ በሴኮንድ 30 ወይም 60 ፍሬም። እዚህ ስትቀርጹበት ቪዲዮው ይርገበገባል። የ50 ኸርዝ አገሮች ወደሚጠቀሙበት ወደ «ፓል» ቀይሩት፣ 25 ፍሬም ምረጡ፣ ሻተሩን 1/50 አድርጉ። አበቃ።

ፎከሱ ሰውየውን ትቶ ሌላ ቦታ ይሄዳል

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው በመላእክት ፊት የተሞላ ነው፤ ከመቶ በላይ ናቸው፣ ሁሉም ትልልቅ ዓይን አላቸው። አንድ አባት ቆመው ሲያስረዱ ከታች ወደ ላይ አነሳኋቸው። የፎከሱ ሳጥን እሳቸው ላይ አርፋ ነበር። ዘወር ሲሉ ዘላ አንዱ መልአክ ዓይን ላይ ተለጠፈች። ከዚያ ወደ ጎረቤቱ። ከዚያ ወደ ሌላው። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ አባም «ምን ያስቅሃል ልጄ?» አሉኝ። ስክሪኑን ሳሳያቸው እሳቸውም ፈገግ አሉ።

ካሜራው ፊትና ዓይን ፈልግ ተብሎ ታዟል። የተሳለ ይሁን ነፍስ ያለው መለየቱን አትመኑት። እንዲህ ያለ ቦታ የዓይን ፍለጋውን አጥፉና አንድ ነጥብ ብቻ መርጣችሁ እራሳችሁ አስቀምጡ። ይህን ማብሪያ ማጥፊያ አንድ ቁልፍ ላይ ብትጭኑት ሜኑ ውስጥ ከመዋኘት ትድናላችሁ።

እግረ መንገዴን፣ እዚያ ውስጥ ፍላሽ አይፈቀድም። ጨለማ ነው ብላችሁ ግን አይ ኤስ ኦውን ሰማይ አትስቀሉት። ሥዕል አይንቀሳቀስም። የካሜራው ማረጋጊያ ጥሩ ከሆነ ሰፊ ሌንስ ገጥማችሁ ትንፋሽ ይዛችሁ በ1/10 ማንሳት ይቻላል። እኔ ከአምስቱ ሦስቱ ጥርት ብሎ ወጣልኝ።

ነጠላው ግራጫ፣ ፊቱ ጥቁር

የጥምቀት ዕለት ጠዋት፣ ጥምቀተ ባሕሩ ዙሪያ። ሕዝቡ ሁሉ ነጭ ለብሷል። ካሜራው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይፈልጋል። ነጭ ሲበዛበት «በጣም በራ» ብሎ ያጨልመዋል። ነጠላው የታጠበበት ሳሙና ያለቀበት ይመስላል፣ የሰዉ ፊትም አብሮ ይጠቁራል። ኤክስፖዠር ኮምፔንሴሽኑን (ካሜራው የመረጠውን ድምቀት ማስተካከያ) ከ+0.7 እስከ +1 ከፍ አድርጉ። ዜብራውን (በጣም የበራው ቦታ ላይ መስመር የሚያሳየውን) አብሩ፤ ነጩ ላይ መስመሩ ሲበዛ ትንሽ ዝቅ ማለት ነው። በቪውፋይንደሩ ድምቀት አትፍረዱ። ፀሐይ ላይ ራሱን ያደምቃል፣ ቤት ስትገቡ ፎቶው ጨልሞ ታገኙታላችሁ። ሂስቶግራሙን (የፎቶውን ብርሃንና ጨለማ የሚያሳየውን ግራፍ) እመኑ።

ደግሞ ውሃው ከተባረከ በኋላ ወጣቱ ዘሎ ይገባል፣ ርጭቱም ሩቅ ይደርሳል። ውሃ ይችላል የተባለ ካሜራ ካፊያ ይችላል ማለት ነው፤ መጠመቅ አይችልም።

ሰማዩ ላይ ነጠብጣብ

ጥር ደረቅ ነው፣ አቧራው ይነሳል። መስታወት የሌለው ካሜራ ሌንሱ ሲወልቅ ሴንሰሩ ራቁቱን ነው። የአጎቴ ልጅ ነጠብጣቡን ሲያይ ምን አደረገ? እፍ አለበት። በአፉ። አሁን አቧራ ብቻ ሳይሆን ምራቅም አለበት።

ለማረጋገጥ አፐርቸሩን 16 አድርጋችሁ ባዶ ሰማይ አንሱ፤ ነጠብጣቡ ሁሌ አንድ ቦታ ከሆነ ሴንሰሩ ላይ ነው። ሜኑ ውስጥ ያለውን የሴንሰር ማጽጃ አስጀምሩ። ካልለቀቀ አፉን ወደ መሬት ደፍታችሁ በጎማ መንፊያ ንፉት። ምራቁን ግን መንፊያ አያነሳውም፤ ለሴንሰር በተሠራ ማጽጃ ጨርቅና ፈሳሽ ነው የተጠረገው። ሌንስ ስትቀይሩ ካሜራውን አጥፉ፣ ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡ። አንዳንዶቹ ሲጠፉ ሻተሩን ይዘጋሉ፤ ያ መጋረጃ ስስ ስለሆነ በጣት እንዳትነኩት።

ፎቶው ትንሽ ሆኖ ይወጣል

የአጎቴ ልጅ «45 ሜጋፒክስል ገዝቼ 19 ነው የሚሰጠኝ» አለ። የድሮ ሌንሱን በአዳፕተር ገጥሟል፤ ሌንሱ የተሠራው ለትንሹ ሴንሰር ነው። ካሜራው ይህን ሲያውቅ መሃሉን ብቻ ቆርጦ ይወስዳል። የፉል ፍሬም ሌንስ መግዛት ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

ባትሪው እኩለ ቀን ሳይደርስ ያልቃል

ሴንሰሩና ስክሪኑ ሁሌ ስለሚሠሩ ነው። በመስታወቱ ካሜራ በአንድ ባትሪ ሰርግ የጨረሰ ሰው እዚህ ሦስት ይያዝ። ብዙዎቹ በታይፕ ሲ ስለሚሞሉ ጠንካራ ፓወር ባንክ ያዙ፤ መብራት በጠፋ ቀን እሱ ነው ባለውለታችሁ። ከአሜሪካ የመጣው ቻርጀር ላይ «100–240 ቮልት» የሚል ከተጻፈ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። «120» ብቻ ካለ እንዳትሰኩት።

ስክሪኑ በድንገት ይጠፋል

ጋቢ ለብሳችኋል? ቪውፋይንደሩ ጋ ያለችው ሴንሰር ጨርቁን ዓይን መስሏት ነው። ከደረታችሁ አርቁት፣ ወይም ስክሪን ብቻ በሚለው አድርጉት።

ኮምፒውተሩ ሮው ፎቶውን አይከፍትም

ሮው ማለት ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፎቶ ነው፤ ካልተከፈተ ሶፍትዌሩ ከካሜራው ያረጀ ነው። አፕዴት ማድረግ ካልቻላችሁ የአዶቤ ዲ ኤን ጂ ኮንቨርተር በነፃ ይገኛል፤ ወደሚከፈት ዓይነት ይለውጠዋል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ያው ከሆነ ካሜራውን ወደ ፋብሪካ ሴቲንግ መልሱት፤ ከዚያ በሌላ ሌንስ፣ በሌላ ካርድ፣ በሌላ ባትሪ ተራ በተራ ሞክሩት። አንዱን ስትቀይሩ ከዳነ ጥፋተኛው እሱ ነው። በሁሉም ካልዳነ ዋስትናው ሳያልፍ መልሱት።

የኛው አልተመለሰም። የቀረበት አንድ ነገር ቪዲዮ ውስጥ የሚሰማ «ቅጭል ቅጭል» የሚል ድምፅ ነበር። ሁለት ቀን ማይኩን ስጠረጥር ከረምኩ። የማንጠልጠያው ቀለበት ነው። በፕላስተር ጠቀለልኩት።