የአይላን ጭሳም ውስኪ አጣጥሞ መለየት

ላጋቩሊን፣ ላፍሮይግና አርድቤግ የተባሉት ውስኪዎች በስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ባለችው የአይላ ደሴት ይሠራሉ። መጀመሪያ የሚቀምሳቸው ሰው ብዙውን ጊዜ ከጭሱ ሌላ የሚያስታውሰው የለም። ከጭሱ ጀርባ ግን የብቅል ጣፋጭነት፣ ፍራፍሬና የባሕር ጨው አለ፤ እዚያ ለመድረስ አቀማመሱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ጭሱ የሚመጣው የገብሱ ብቅል ሲደርቅ ከሥሩ ከሚነደው ፒት ነው። ፒት ረግረግ ውስጥ ለሺህ ዓመታት ተከማችቶ የታመቀ የእፅዋት ቅሪት ነው። ሲነድ የሚወጡት ፌኖል የሚባሉ ውህዶች እርጥቡ ብቅል ላይ ይቀመጣሉ። ሻጮች የሚጠቅሱት ቁጥር (ላጋቩሊን ከሚሊዮን 35 እጅ፣ አርድቤግ 55 አካባቢ) የብቅሉን እንጂ የጠርሙሱን ፌኖል አይለካም። ሲጠመቅና ሲነጠር አብዛኛው ይጠፋል፣ በርሜል ውስጥ በቆየ ቁጥርም ይለዝባል። ስለዚህ ቁጥር አይተው አይግዙ። ሌላው የአይላ ውስኪ ካኦል ኢላና ላጋቩሊን የሚጠቀሙት ብቅል የጭሱ መጠን ተቀራራቢ ነው፤ ሆኖም ካኦል ኢላ ቀለል፣ ላጋቩሊን ወፈር ይላል። ይህን የሚያመጣው የማንጠሪያው ቅርጽና የአነጣጠሩ ስልት ነው። ፌኖል በብዛት የሚወጣው ወደ መጨረሻው ስለሆነ፣ አንጣሪው የሚወርደውን መሰብሰብ ዘግይቶ ካቆመ ጭሱ ይበረታል። ለጀማሪ ሁለቱን ጎን ለጎን ከመቅመስ የተሻለ ትምህርት የለም።

ከሥሩ ሰፋ፣ ከአፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ይምረጡ፤ ግሌንኬርን የተባለው የውስኪ ብርጭቆ ከሌለ ትንሽ የወይን ብርጭቆ ይበቃል። ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይቅዱ። በረዶ አይጨምሩ፤ ቅዝቃዜ ጠረኑን ያፍነዋል። ቡና ተፈልቶ ዕጣን በጨሰበት ክፍል አይቅመሱ፣ በርበሬ የበዛበት ወጥ ከበሉም ቆየት ይበሉ። ብዙ ዓይነት ካለ ጭስ የሌለው ይቅደም።

የተቀዳውን አምስት ደቂቃ ያህል ይተዉት። ከዚያ ብርጭቆውን አገጭ አጠገብ ይዘው፣ አፍዎን ትንሽ ከፍተው በቀስታ ያሽትቱ። አፍንጫን አስገብቶ በኃይል መሳብ አልኮሉን ብቻ ያመጣል። አሁን ጭሱ ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠይቁ፦ የቀዘቀዘ አመድ፣ ሬንጅ፣ አዮዲን ወይስ የእንጨት ጭስ? በወይራ የታጠነ የወተት ዕቃ የሚያውቅ አፍንጫ እዚህ ጥሩ መለኪያ አለው። ያ የእንጨት ጭስ ነው፤ ላፍሮይግ ግን ወደ አዮዲንና ወደ ቁስል ፋሻ ያደላል። ከፌኖሎቹ ጓያኮል የእንጨት ጭሱን፣ ክሬሶል የሬንጅና የመድኃኒት ጠረኑን ያመጣሉ።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጭሱ የጠፋ ይመስላል። አፍንጫዎ ስለለመደው ነው፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፣ ዋናው ነገር ግን አሁን ነው የሚጀምረው። ሎሚና ማር ብቅ ይላሉ። ቫኒላ ከሸተተዎት ውስኪው የቆየበት ቀድሞ ቡርቦን (የአሜሪካ ውስኪ) የነበረበት በርሜል፣ ዘቢብ ከሸተተዎት ሼሪ (የስፔን ወይን) የነበረበት በርሜል ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ጉንጭ አፍን ለማለማመድ ብቻ ነው፤ አይፍረዱበት። ሁለተኛውን ትንሽ ጠጥተው አሥር ሰከንድ ያህል ምላስዎ ላይ ያንከባልሉ፣ ከዋጡ በኋላ በአፍንጫ ይተንፍሱ። የሚቀረው አመድ ደረቅ ነው ወይስ ጣፋጭ? ለእኛ የጥሩ ጭሳም ውስኪ መለያው ይኸው ነው።

ቀጥሎ ውሃ። በ2017 የስዊድኑ ሊኔየስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ስሌት እንዳሳዩት፣ አልኮሉ ከ45 በመቶ በታች ሲሆን ጓያኮል ወደ ፈሳሹ ገጽ ይወጣል፤ ጠረኑም ይጎላል። 30 ሚሊ ሊትር 57 በመቶ ውስኪን ወደ 45 ለማውረድ 8 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃል፤ 46 በመቶ የሆነውን ወደ 40 ለማውረድ 4.5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። በአንዴ አያፍስሱት፤ ጠብታ በጠብታ ጨምረው በየመሃሉ ያሽትቱ። ክሎሪን የሚሸት የቧንቧ ውሃ ከመድኃኒት ጠረኑ ጋር ስለሚምታታ የታሸገ ውሃ ይሻላል። አምቦ ውሃ ለዚህ አይሆንም፤ ጋዙና ማዕድኑ ጣዕሙን ይለውጡታል።

ውሃ ሲገባ አንዳንዱ ውስኪ ይደፈርሳል። አልተበላሸም፤ ከመታሸጉ በፊት ቀዝቅዞ ስላልተጣራ ዘይታማ ውህዶቹ አሉ ማለት ነው። አርድቤግ 10 እንዲህ ነው።

ጠርሙሱን ቀጥ አድርገው ከፀሐይ ያርቁ፤ ከተጋደመ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ከግማሽ በታች ሲደርስ በውስጡ ያለው አየር ጠረኑን እያደከመው ስለሚሄድ፣ ቶሎ ካልጨረሱት ወደ ትንሽ ጠርሙስ አፉ ድረስ ሞልተው ይገልብጡት።