አስተናጋጇ ሌክቸር ስትሰጥ፦ ንድፈ ሐሳብንና ልቦለድን ሲያዋህዱ የሚሠሩ ስህተቶች

የጀማሪዎችን አጫጭር ልቦለዶች አርማለሁ። የሥነ ጽሑፍ ንድፈ ሐሳብ ያነበበ ሰው ረቂቁ ላይ ያስታውቃል። ማንበቡን እወድለታለሁ። ችግሩ ያነበበውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ላይ ነው።

ንድፈ ሐሳቡን ገጸ ባሕርይ አፍ ውስጥ መክተት

ይሄኛው አንጀቴን አሳርሮታል። በቅርቡ ያነበብኩት ረቂቅ ውስጥ አንዲት የቡና ቤት አስተናጋጅ አለች። አለቃዋ ቲፗን ሲቀማት «ሰውነቴ አባታዊው ሥርዓት የጻፈበት ገጽ ነው» ትለዋለች። ኧረ በፈጠራችሁ! ትሪ ተሸክሞ እንዲህ የሚያወራ ማን ነው? ደግሞ ብቻዋን አይደለችም፤ ሊስትሮው ስለ መደብ ትግል፣ ዘበኛው ስለ ድኅረ ዘመናዊነት ሲያስረዱኝ ከርመዋል።

የፌሚኒስት ንባብ ለጸሐፊ የሚጠቅመው ሲያስጠይቀው ነው። ገንዘቡን ማን ይቆጥራል? ማን በስሟ ይጠራታል፣ ማንስ እያጨበጨበ ይጠራታል? ማታ ስትወጣ ማን ይሸኛታል? ጸሐፊው እነዚህን ይዞ ሄደና አስተካክሎ መጣ። አሁን ልጅቷ መቶ ብር አጣጥፋ ጫማዋ ውስጥ ትከታለች። ልትወጣ ስትል አለቃዋ በሩ ላይ ቆሞ «ጫማሽን አውልቂ» ይላታል። በቃ። ማብራሪያ የሚፈልግ አንባቢ ካለ ይምጣ።

«ደራሲው ሞቷል» እያሉ መከራከር

ፈረንሳዊው ሐያሲ ሮላን ባርት በ1967 እ.ኤ.አ. «የደራሲው ሞት» የሚለውን ድርሰት ሲጽፍ የጽሑፍ ትርጉም በደራሲው ሐሳብና ሕይወት ብቻ እንዳይታጠር ብሎ ነው። ዓረፍተ ነገርህ አልገባኝም ስልህ ባርትን አትጥራብኝ። ሟቹ ተነስቶ ያስተካክል።

ማስገረምን ከማደናገር ጋር መቀላቀል

ሩሲያዊው ሐያሲ ሽክሎቭስኪ በ1917 እ.ኤ.አ. ጥበብ የለመድነውን ነገር እንደ አዲስ ያሳየናል አለ። ይህን ያነበበ ጀማሪ ማንም የማያውቀውን ግእዝ ከመዝገበ ቃላት ቆፍሮ ይደረድራል። የሽክሎቭስኪ አንዱ ምሳሌ ግን የቶልስቶይ ፈረስ ነው። ፈረሱ ሰዎች «የኔ» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ግራ ይገባዋል። ከ«የኔ» የበለጠ ተራ ቃል ከየት ይመጣል?

የሚናገረውንና የሚያየውን አለመለየት

ፈረንሳዊው የትረካ ተመራማሪ ዤራር ዠኔት «ማን ይናገራል?» እና «ማን ያያል?» የሚሉትን ነጣጥሎ ያስቀመጠው ለእኛ ለጸሐፊዎች እስኪመስል ድረስ ጠቃሚ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ራሱ እየተረከ «የቤተሰባችን የኢኮኖሚ ጫና» ካለ ታሪኩ ተበላሸ። ልጁ ካደገ በኋላ መለስ ብሎ ይተርክ ካላችሁ ቋንቋው የአዋቂ ይሁን፤ የሚታየው ግን ያኔ ልጁ ያየው ነው። እናቱ ሽሮውን ወደ እሱ ገፋ አድርጋ «እኔ ጠግቤያለሁ» ማለቷን አይቷል። ስለ ደሞዝ አልሰማም።

የፍራይታግን ትሪያንግል በሦስት ገጽ ታሪክ ላይ መጫን

ጀርመናዊው ፍራይታግ ታሪክ ወደ ጡዘት ወጥቶ የሚወርድበትን ይህን ቅርጽ በ1863 እ.ኤ.አ. ያወጣው ለባለ አምስት ገቢር ድራማ ነው። ተዉት።

መቅድም

ታሪኩ የትኛውን ንድፈ ሐሳብ እንደተከተለ የሚያብራራ መቅድም አትላኩልኝ። አንዱ ሰባት ገጽ መቅድም ልኮልኛል። ታሪኩ አራት ገጽ ነው።